ጋሽ ተሰማን «ና!» ያልኩበት ድልድይ

ዛሬ አሥራ አራት ምእመናንን ውሃ መሃል አግቼ ዋልኩ ብላችሁ ታምናላችሁ?

አትሳቁ! የምጽፈው የቸርች ቫን የመጨረሻ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። ከፊቴ የሚታየኝ ጭንቅላት ሁሉ የዛሬ ታጋቼ ነው።

ፈርስት ይር ኢንጂነሪንግ ጨርሼ ለሰመር ያገኘሁት ሥራ ከቶሮንቶ ሁለት ሰዓት ርቆ የጀልባ ቦይ ላይ ነው። ጀልባ ሲመጣ መንገዱን ዘግቼ ድልድዩን በእጄ አዞራለሁ። ሞተር የለውም። መሃሉ ላይ ረጅም የብረት ቁልፍ ሰክቼ እየገፋሁ ዙሪያውን እሄዳለሁ፤ ድልድዩም እንደ በር ዞር ይላል።

ስሙ ስዊንግ ብሪጅ ነው፤ «ዟሪ ድልድይ» ለማለት። እኔ ጎበዟ ለአባዬ በስልክ «የዥዋዥዌ ድልድይ» ብዬ ተረጎምኩለት!

በሳምንቱ ቸርች ውስጥ የተወራው፦ ፌቨን ዩኒቨርሲቲ ገብታ ፓርክ ውስጥ የፈረንጅ ልጆች ዥዋዥዌ ትገፋለች።

አባዬ አልሳቀም። ሬክስዴል፣ እዚያው ቶሮንቶ፣ አንድ ዘመዳችን ኦፊስ ውስጥ ሥራ አግኝቶልኝ ነበር። «ኮምፒውተር ፊት ተቀምጠሽ መሥራት እየቻልሽ ምን አስገፋሽ?» አለኝ። ስንከራከር ከርመን ተስማማን፦ ቅዳሜ መጥቶ በዓይኑ ያያል። ካልወደደው ሰኞ ሬክስዴል ነኝ።

እኔ ግን ሥራውን እወደዋለሁ። ለምን እንደሆነ ለአባዬ መንገር ስላፈርኩ ለእናንተ ልንገራችሁ።

እዚህ አገር እንደመጣን ክሬሰንት ታውን ነበር የምንኖረው። ከሕንፃችን ጀርባ ሁለት ዥዋዥዌ ነበረ፤ የአንዱ ሰንሰለት ሁልጊዜ የተጠማዘዘ። አባዬ ከሺፍት ሲመለስ የዌርሃውስ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ይዞኝ ይወርዳል። ከኋላዬ ሆኖ እየገፋኝ በእንግሊዝኛ ይቆጥራል፤ እየተለማመደ ነበር። ናይንቲን ላይ ሲደርስ ይጠፋበትና እንደገና ከፊፍቲን ይጀምራል።

አላርመውም። ትዌንቲ ከደረሰ ወደ ቤት እንገባለንና!

እጁ ጀርባዬን ነካ ሲያደርገኝ ሰማዩ ይቀርበኝ ነበር። አሁን ስካርቦሮ የራሳችን ቤት፣ የራሳችን ግቢ አለን። ከአባዬ ጋር የምንነጋገረው ግን በአብዛኛው ስለ ፓርኪንግ ነው።

ከባድ ነገር ቀስ ብሎ ከእጄ በታች መንቀሳቀስ ሲጀምር፣ ያ ጊዜ ትንሽ ትንሽ ይመለስልኛል። በቃ፣ ምክንያቱ ይኸው ነው። እንዳትስቁብኝ።

ወደ ዛሬ ልመለስ።

አባዬን ብቻ ስጠብቅ እሱ የሚነዳው የቸርች ቫን ቆመና አሥራ አራት ሰው ወረደ! ከነምሳቸው! የቸርቻችን ሽማግሌ ጋሽ ተሰማ ሳይቀሩ፣ ከነኮፍያቸው።

ሁሉም ድልድዩ ላይ ወጥተው ፎቶ ሲነሱ ጀልባ መጣና ጡሩምባውን ነፋ።

ሕጉ ግልጽ ነው፤ ድልድዩ ሲዞር ከእኔ በቀር ማንም ሰው ላዩ ላይ አይቆምም። «እባካችሁ፣ ካላስቸገርኳችሁ፣ ትንሽ ወደ ዳር...» አልኩ።

እትዬ አስካለ ጮኹ። «ውይ ልጄን! ይሄን ሁሉ ብረት ብቻዋን? ኑ እንጂ ወንዶች፣ አግዟት!»

መቼም እኛን ታውቁናላችሁ። መንገድ ላይ መኪና ቆሞበት የሚገፋ ሰው ካየን፣ የማን መኪና እንደሆነ ሳንጠይቅ ትከሻችንን የምንሰጥ ሰዎች ነን!

እኔም እምቢ ማለት አቃተኝ። ትልልቅ ሰዎች ሊያግዙኝ ሲነሱ በምን አፌ? የመንገዱን በሮች ዘጋሁ። እነሱን ከውስጥ አድርጌ!

መጀመሪያ ቆንጆ አድርጎ ዞረ። ከዚያ ሁሉም ጀልባውን ቪዲዮ ሊቀርጹ ወደ አንዱ ጫፍ ሮጡ። ይህ ድልድይ ደግሞ እንደ ሚዛን መሃሉ ላይ ነው የተቀመጠው። አንዱ ጫፍ ከከበደ ይነክሳል፤ ብረቱ ተይዞ አይንቀሳቀስም።

ነከሰ።

ግማሽ መንገድ ላይ ቀጥ! ወደ ፊትም ወደ ኋላም የለም። በዚህ በኩል ውሃ፣ በዚያ በኩል ውሃ። ጀልባዎቹ ሦስት ሆኑ። መኪኖቹን መቁጠር ተውኩ። ሱፐርቫይዘሬ ከሩቅ እየሮጠ መጥቶ ዳር ላይ ቆመ፤ በምን ይሻገር?

ጫፉ ላይ ከሁሉም አልፈው የቆሙት ጋሽ ተሰማ ናቸው። የጀልባውን ነጂ በእጃቸው «ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ» ይሉታል።

«ጋሽ ተሰማ፣ ይቅርታ፣ የማያስቸግርዎት ከሆነ ወደ መሃል ጠጋ ቢሉልኝ...»

«ግድ የለም ልጄ፣ እዚህ ይመቸኛል» አሉኝ።

የተሻለ ቦታ የጋበዝኳቸው መስሏቸው!

ሁለተኛ ለመንኳቸው። «አንቺ ተቀመጪበት» አሉኝ።

ጡሩምባው ጮኸ። አባዬ ያየኛል። ሰኞ ኦፊሱ ታየኝ። ከዚያ ከየት እንደመጣ የማላውቀው ድምፅ ከጉሮሮዬ ወጣ፦

«ተሰማ! ና! ወደ መሃል ና!»

ጋሽ የለ። እርስዎ የለ።

የሁሉም ስልክ ከጀልባው ወደ እኔ ዞረ።

ጋሽ ተሰማ ኮፍያቸውን አውልቀው፣ እንደ ተማሪ ፈጠን ፈጠን እያሉ መጡ። የቀሩትም ተከትለው መሃል ላይ ተጠጋጉ። እትዬ አስካለ የሚቀጥለው ስም የሳቸው እንዳይሆን ፈርተው መሰለኝ፣ ቀድመው ደረሱ።

አባዬ ከኋላዬ መጥቶ ቆመ። ሊገፋልኝ እጁን አነሳ። ከዚያ መልሶ ኪሱ ከተተው።

ብቻዬን ገፋሁ። ዞረ!

ድልድዩ ተመልሶ ሲገጥም ሱፐርቫይዘሬ ሕጉን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበነበልኝ፤ ይገባኛል። ሲጨርስ «ያንን ድምፅ ግን በሚቀጥለው ጊዜ አሥር ደቂቃ ቀደም ብለሽ አውጪው» አለኝ። አባዬ አጠገባችን ቆሞ ሰምቷል።

ሥራዬ አልቆ ቫኑ ውስጥ ስንገባ ጋሽ ተሰማ በር ላይ ቆመው «ፌቨን፣ የት እንድቀመጥ ታዣለሽ?» አሉ። ቫኑ በሳቅ ተናወጠ። እኔ ወንበር ሥር ብገባ በወደድኩ።

አባዬ አንድ ሰዓት ያህል ነድቷል። አሁን በመስታወት አየኝ።

«ሰኞ ስንት ሰዓት ነው የምትገቢው?»

«የት?» አልኩ።

«ድልድይሽ ጋ ነዋ! ቀድሜ ልወቀው፣ እኔ አደርስሻለሁ።»

ሁለት ሰዓት መንገድ፣ አባዬና እኔ ብቻ። ስለ ፓርኪንግ አንድም ቃል አልተነፍስም!

የቀረኝ አንድ ችግር ነው። ጋሽ ተሰማ ከፊቴ ሁለተኛው ወንበር ላይ አሉ፤ ይቅርታ ልጠይቃቸው ሦስት ጊዜ አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። ወገን፣ የምታውቁ ንገሩኝ፦ ሰውን አንዴ «ና!» ካሉት በኋላ ወደ «እርስዎ» የሚመለሰው በየት በኩል ነው?