በዘመነ ቢሆን ኖሮ ስለ ተቀየረው የኋላ ጎማ

ጎማው ከወለቀ በአሥራ አንደኛው፣ ዘመነ ቢሆን ኖሮ በገባ በሰባተኛው ዓመት፣ በዕለተ ማክሰኞ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ ሊቀ ጎማ፣ የጎበጠ ቸርኬ አቃኚ፣ ምስማር ከጎማ ነቃይ፣ እስከ ክርናቸው ግራሶ የለበሱ ጎሚስታችን በደጃፋቸው በአሮጌ የጭነት መኪና ጎማ ዙፋን ላይ ተቀምጠው ሳለ፣ ይህ የምንጽፈው ታላቅ ነገር ሆነ።

የዘመን አቆጣጠራችንን ለማያውቅ አንባቢ እንዲህ ይታወቅ። መጀመሪያ ዘመነ ተስፋ ነበረ፤ በዚያ ዘመን የከተማችን ልጅ ሽምጥ፣ የወጣላቸውን ስም ከእናታቸው በቀር የሚጠራው የሌለ፣ ወደ ታላቁ የመኪና ውድድር ገቡ፤ በሦስተኛው ውድድራቸውም ዝናብ እየወረደ፣ ሌሎቹ እየተንሸራተቱ ከመንገድ ሲወጡ፣ እርሳቸው ከአሥራ ዘጠነኛ ተነሥተው ሁለተኛ ሆኑ፤ በቴሌቪዥን የምናይ እኛም በጸጉር ቤቱ ወንበሮች ላይ ከነጫማችን ቆምን። ወእምዝ ጎማ ሊያስቀይሩ ገቡ፤ በዚያም ስፍራ ለእያንዳንዱ ጎማ አንዲት ቡሎን የሚያጠብቅና ሲጨርስ እጁን የሚያነሣ ሰው ቆሟል፤ መኪናይቱም ወጣች፤ በመጀመሪያው ኩርባ ላይ የግራ የኋላ ጎማዋ ወለቀ፤ ጎማውም ብቻውን እየተንከባለለ ሦስት መኪና ቀደመ፤ ከእኛ ወገን የታየው የመጨረሻው መቅደምም ይኸው ነው። ቀጥሎ ዘመነ ተጠባባቂ መጣ፤ ሽምጥ አራት ዓመት ሙሉ የራስ ቁራቸውን በብብታቸው ይዘው የሌላ ሹፌር ጉንፋን ሲጠብቁ ኖሩ፤ ጉንፋኑም ሳይመጣ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ያለው ዘመነ ቢሆን ኖሮ ይባላል።

በዚህ ዘመን የማኅበራችን ሥራ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ በጎሚስታው ደጃፍ ተሰብስቦ፣ ያ ቡሎን ጠብቆ ቢሆን ኖሮ ሽምጥ ስንት ጊዜ ሻምፒዮን ይሆኑ እንደነበር መወሰን ነው፤ ልብስ ሰፊው ሦስት ይላል፣ ጸጉር አስተካካዩ ከአምስት አይወርድም። ቡሎን የሚያጠብቀውንም ሰው እጀ ሰባራው ብለን ሰየምነው፤ ስብሰባው በእርሱ እርግማን ይከፈታል፣ በእርሱ እርግማን ይዘጋል። ሽምጥ ግን ወደ ከተማችን ተመልሰው በወዲያኛው ጫፍ መኪና መንዳት ያስተምሩ ነበር፤ ይህን እያወቅን አንድ ቀን እንኳ ሄደን ሰላም አላልናቸውም፤ ንጉሥ ቲማቲም ሲመዝን ማየት መስሎን ነው፤ ወይም ደግሞ፣ እውነቱን እንጻፍ ካልን፣ በአካል ካየናቸው የምናወራው እንዳያልቅብን ፈርተን ነው።

በዚያች ቀን ከሊቀ ጎማ ጋር የነበሩት እነዚህ ናቸው፤ ምላሱ ከመቀሱ የተሳለ ጸጉር አስተካካይ፤ አንገቱ ላይ ከሜትሩ ጋር የሰከንድ መቁጠሪያ ያንጠለጠለ ልብስ ሰፊ፤ ጸጉር አስተካካዩ ጀምሮ የተወው፣ ግማሽ ራሱ የተላጨ አንድ ደንበኛ፤ በመጨረሻም የፖስታ ቤት ጡረተኛ፣ የማኅበሩ መዝገብ ጠባቂ፣ ይህን የጻፍሁ እኔ።

ልክ ስምንት ሰዓት ሲሆን፣ ጣሪያዋ ላይ ለማጅ የሚል ምልክት የተሸከመች ትንሽ መኪና በግራ የኋላ እግሯ እያነከሰች መጥታ በደጃፋችን ቆመች። መሪውን የያዘች አንዲት አዋላጅ ነበረች፤ ከጎኗም ሽምጥ፣ የዝናብ ጌታ፣ የኩርባ ወዳጅ፣ ቀበቶ አስረው ተቀምጠዋል። አዋላጇ ሁለት ጊዜ ተፈትና ወደ ኋላ ስትነዳ እንጨት ገጭታ ወድቃለች፤ ሦስተኛው ፈተና በዚያው ቀን ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ የቀረ ወይም የወደቀ ለከርሞ እንደ አዲስ ይመዘገባል፤ ሊቀጥራት ያሰበው የገጠር ጤና ጣቢያ ደግሞ መኪናውን የሚነዳለት አዋላጅ እንጂ ሌላ አይፈልግም፤ የሰጣትም ቀን በዚያው ሳምንት ያልቃል። እስከ መፈተኛው ሜዳ ግማሽ ሰዓት ያስኬዳል።

እንዲህ ያለውን ጎማ ሊቀ ጎማ ክብሪት እንጨት እያኘኩ ብቻቸውን በስድስት ደቂቃ ይቀይሩታል። ነገር ግን በመስኮቱ ያለው ማን እንደ ሆነ ባዩ ጊዜ የሚያኝኩት ክብሪት ከአፋቸው ወደቀ፤ ተነሥተውም እንዲህ ሲሉ አዋጅ አስነገሩ። «ስማ ጎበዝ! ይቺን ጎማ እንደ ሰፈር ጎማ የሚነካ ሰው ከእኛ አይደለም። ሁሉም ቦታ ቦታውን ይያዝ! በሦስት ሰከንድ ባትወጣ በሦስት ደቂቃ ትወጣለች። ያ እጀ ሰባራ በሕይወት ካለ ይይልን!»

ሽምጥ ወርደው እጅጌያቸውን ቢሰበስቡ፣ ጸጉር አስተካካዩ «ጋሼ ሽምጥ ክሪክ ሲነኩማ ቆመን አናይም!» ብሎ ሁለተኛ አዋጅ አወጀ፤ እርሳቸውም ሰው አክባሪ ነበሩና ሄደው ግድግዳ ተደገፉ።

ወእምዝ ጸጉር አስተካካዩ ፎጣውን እንደ ሰንደቅ ይዞ በመኪናይቱ ፊት ቆመና «ግራ!» ብሎ ጮኸ፤ ፊቱን ወደ መኪናይቱ አዙሮ ነበርና የእርሱ ግራ የእርሷ ቀኝ ሆነ፤ እኛም ደህናውን ጎማ በታላቅ ፍጥነት ፈታን፤ ልብስ ሰፊውም አንድ ደቂቃ ከሃምሳ ብሎ አበሠረ፣ ተጨበጨበም። ስሕተቱ ታውቆ ጎማው እስኪመለስ ዘጠኝ ደቂቃ ሄደ። በሕመምተኛው ጎማ በኩልም ሊቀ ጎማ እንደ ልማዳቸው ቡሎኖቹን መሬት ላይ ሳለች ሊያላሉ ሲሉ፣ በውድድር መጀመሪያ ማንሣት ነው ተብሎ ተከለከሉ፤ እርሳቸውም በገዛ ደጃፋቸው የሚያውቁትን ትተው በቴሌቪዥን ያየነውን ሰሙ፤ መኪናይቱ በክሪክ ተነሣች፣ መፍቻው ሲዞር ጎማው አብሮ ዞረ፤ ደንበኛው ባልተላጨው ወገን ጎማውን ተደግፎ አቅፎ ያዘው፣ እርሱም አብሮ ዞረ። ተጠባባቂው ስኮርታ ጎማ ከኋላ በወጣ ጊዜ ንፋስ አልነበረውም። ኮምፕሬሰሩ እስኪሞላው ስለ ሦስቱና ስለ አምስቱ ሻምፒዮንነት ክርክር ተነሣ።

ያን ጊዜ አዋላጇ አንገቷን በመስኮት አውጥታ መንገዱ ሁሉ እስኪሰማ አወጀች። «እናንተ ሰዎች! እኔ በዚህ ጊዜ መንታ አዋልጄ፣ እትብት ቆርጬ፣ ራሱን ስቶ የወደቀውን አባትየውን አንሥቼ፣ እጄን ታጥቤ ነበር! አምስት ደቂቃ ቀረኝ፤ ከዚያ በኋላ ለከርሞ ነው!»

ይህ ቃል በሊቀ ጎማ አጥንት ገባ። ሁሉንም በክርናቸው ገፍተው ብቻቸውን ተንበረከኩ፤ ጎማውን አገቡ፤ ሦስት ቡሎን አሰሩ፤ ክሪኩን አወረዱ፤ አራተኛውን ሊቀበሉ መዳፋቸውን ወደ ኋላ ዘረጉ። ቡሎን ያዥ እኔ ነበርሁ። አራቱንም አስረክቤአለሁ ብዬ በሙሉ ልብ ተናገርሁ። የተዘረጋችውን እጅ ያየ ጸጉር አስተካካይ ሥራው ያለቀ መስሎት ፎጣውን ወደ ታች ጣለ፤ አዋላጇም አንደኛ ማርሽ አስገባች።

መኪናይቱ አንድ ክንድ ያህል ተስፈንጥራ ቀጥ አለች። አዋላጇ ስትጮህ ከግድግዳው ተመልሰው ከጎኗ የተቀመጡት ሽምጥ የእጅ ፍሬኑን ስበውታል። በዘመናት ሁሉ ሲናገሩ የሰማናቸውም ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እንዲህ አሉ። «ማንም እንዳይነቃነቅ! ሰውየው እጁን አላነሣም። እኔ ያን ቀን እጁን ሳያነሣ ወጥቻለሁ፤ የቡሎኑ ሰውዬ ምንም አላጠፋም። ያኔም ተናግሬአለሁ፣ የሰማኝ የለም። ጠብቂ፣ እህቴ።»

የሰማኝ የለም ያሉት እንኳ ለእኛ ማዘን ነው። ቃላቸው በጋዜጣ ታትሞ ነበር፤ ጋዜጣውም ጎሚስታ ቤቱ ግድግዳ ላይ በመስተዋት ተሰቅሏል፤ የታችኛውን ግማሽ በፍሬሙ ልክ አልሆን ብሎኝ በመቀስ የቆረጥሁት እኔ ነኝ። ሳልቆርጠው አንብቤው ነበር።

ቡሎኗ በኮቴ ግራ ኪስ፣ ከመነጽሬ መጥረጊያ ጋር ተገኘች። ሊቀ ጎማ ዓይኔን ሳያዩ ተቀበሉኝ፤ አሰሩ፤ አራቱንም ደግመው በመፍቻ ፈተኑ። አዋላጇ ሰዓቷን ታያለች፣ መሪውን በጣቷ ትመታለች፤ ሽምጥ ግን በጎን መስተዋቱ የሚያዩት የጎሚስታውን ቀኝ እጅ ብቻ ነበር። ልብስ ሰፊው ቆጠረ፤ ሃምሳ አንድ ሰከንድ። እጂቱ ግራሶዋን ተሸክማ ወደ ላይ ወጣች፤ መኪናይቱም ሄደች።

ጸጉር አስተካካዩ የጣለውን ፎጣ ከመሬት አነሣ። እንዲህም አወጀ። «ሽምጥ ያን ቀን ምን አየና ነው? ጀርባውን ሰጥቶ ነበር የተቀመጠው! እኛ ነን በቴሌቪዥን ከፊት ለፊት ያየን!» ሊቀ ጎማ የጋዜጣውን ፍሬም ከግድግዳው አውርደው በጭኔ ላይ አስቀመጡልኝ።

አሥር ሰዓት ላይ፣ በሩ ላይ በተጻፈው የስልክ ቁጥር የአዋላጇ አዋጅ ደረሰ፤ ስሟ ሲጠራ ደርሳ፣ ወደ ኋላ ስትነዳ አንድም እንጨት ሳትነካ አልፋለች። በዚያው ሰዓት ማኅበሩ ተቀምጦ፣ ለአሥራ አንድ ዓመት የረገምነው ሰው ከእርግማኑ ሁሉ የተፈታ ይሁን ብሎ ወሰነ።

እንግዲህ ምስጋና ለሽምጥ ይሁን፤ ለዝናብ ጌታ፣ ለኩርባ ወዳጅ፣ ጥፋቱን ማንም ሳይጠይቃቸው በአደባባይ ለተሸከሙ፣ ሞተር እየጮኸ፣ ሰዓት እየነጎደ፣ የሌላ ሰው ዕድል በእጃቸው ሳለ፣ ሃምሳ አንድ ሰከንድ ሳይነቃነቁ ለጠበቁ። ያላደረጉትን ስናወድስ ከርመናል፤ ይህንን ግን በዓይናችን አይተን፣ በሰዓት ለክተን ጽፈነዋል። ማኅበሩም የሽምጥ የመጀመሪያ ድል ብሎ በሦስት ድምፅ አጸደቀው፤ ጸጉር አስተካካዩ ድምፅ ከመስጠት ታቀበ።