ሁለት መጻሕፍት ተጣሉብኝ

ትናንት ሌሊት በሕልሜ፣ ደሴ ከተማ ላይ የሚወራው ወሬ አንድ ብቻ ነበር። ጎረቤቴ እትዬ አሰለፈች መደርደሪያ ላይ ከጎኔ ተቀምጠው ይደጋግሙልኛል።

«መጻሕፍት ሰው ማንበብ ትተዋል አሉ።»

«ማን አለ?»

«አሉ ነዋ! የዛሬ ጊዜ መጽሐፍ ሰው ገለጥ ገለጥ ያደርግና ይጥላል አሉ።»

መደርደሪያው የመጽሐፍ አከራዩ የጋሽ ልኬለህ ነበር። ከስምንተኛ ክፍል ካቋረጥኩ ወዲህ ትምህርት ቤቴ የእሳቸው ሱቅ ነው፤ መታወቂያዬን አስይዤ እወስዳለሁ፣ አንብቤ እመልሳለሁ። ትናንት ቀን ላይ ሱቁን ሊዘጉ መሆናቸውን ነገሩኝ። «ነገ ጠዋት ነይና አንድ መርጠሽ ለራስሽ ውሰጂ፤ የቀረው ለቆሎ መጠቅለያ በኪሎ ይሄዳል» አሉኝ። አንድ! እኔ ደግሞ ልቤ ሁለት ላይ ነበር። አንዱ ሁሌ ሰው ቀድሞ የሚከራይብኝ ዕድሜ ጠገብ ልብ ወለድ፣ ሌላው ሽፋኑ የወለቀ፣ ግማሹ ላይ ያቆምኩት የታሪክ መጽሐፍ። ይህን ልውሰድ ያንን ስል እንቅልፍ ወሰደኝ።

በሕልሜ ግን መራጮቹ እነሱ ነበሩ። መጻሕፍቱ መታወቂያቸውን እያስያዙ ይገባሉ። ጋሽ ልኬለህ የእኛን የሰዎቹን አቧራ በጨርቅ እያራገፉ፣ «ይቺን ውሰዱ፣ ቀላል ናት፣ በአንድ ቀን ታልቃለች» ይላሉ። እኔን ነው እንዲህ የሚሉት!

የታሪክ መጽሐፉ ካፖርቱን ደርቦ ከዘራውን እየመረኮዘ መጣና ግንባሬን ገለጠ።

«ስንተኛ ክፍል ነሽ?»

«ስምንተኛ። አንተስ ሽፋንህን የት ጣልከው?»

«ምላስ አላት፤ የግርጌ ማስታወሻ ግን የላትም» አለ።

ልብ ወለዷ በረጅም ተረከዝ እየተውረገረገች ደረሰች። «እጅህን አንሳ! የእኔ ናት። መጨረሻዋን ሳላውቅ አላድርም።»

«መጨረሻዋማ እዚህ ተጽፏል» አለ ታሪኩ። አንድ ባለጌ ተከራይ አንገቴ ሥር በእስክሪብቶ «ባል አታገባም» ብሎ ጽፎብኝ ኖሯል። ድሮ ስንቱን መጽሐፍ እንዲህ አበላሽተውብኛል! ገና የመጀመሪያው ገጽ ላይ «ገዳዩ አጎትየው ነው» ይላል። ያኔ እረግማቸው ነበር፤ በሕልሜ ግን እነዚያ ባለጌዎች እንኳ ናፈቁኝ።

ወዲያው ገበያ መሃል ነበርን። መጽሐፍ ያልመረጣቸው ሰዎች ተቆልለዋል። ቆሎ ሻጯ ፍየል ናት። «አንቺ የትም አትደርሺም» ይለኝ የነበረውን የሒሳብ አስተማሪ ጠቅልላ ሽምብራ ሞላችበት። ደስ አለኝ። ቆየት ብሎ አሳዘነኝ።

«አንዳችሁ ውሰዷት፣ አለዚያ ወዲህ በሏት» አለች ፍየሏ ሚዛኗን እያነሳች።

ታሪኩ በቀኝ፣ ልብ ወለዷ በግራ ጎተቱኝ። የልብ ወለዷ መዳፍ እንደ ሱቁ ይሸታል፤ አሮጌ ወረቀት፣ የፋኖስ ጋዝ፣ ክረምት። ዝናብ ሲይዘን አግዳሚው ላይ ተጠጋግተን፣ አንዳችን እያነበብን ሌሎቻችን የምንሰማበት ጊዜ ትዝ አለኝና ዓይኔ እንባ ሞላ። የታሪኩ እጅ ደግሞ እንደ አባት እጅ ሻካራ ነው።

«ሁለታችሁም አንብቡኝ! አንድ ገጽ አንተ፣ አንድ ገጽ አንቺ!»

«እንዲህ ያለ ደንብ የለም፤ ምረጪ!» አሉኝ በአንድ ድምፅ።

የአንዳቸውን ስም ልጠራ አፌን ስከፍት በሩ ተንኳኳ። ነቃሁ። ፀሐይዋ ወጥታለች። እትዬ አሰለፈች ደጃፌ ላይ ቆመዋል።

«ተነሽ እንጂ አንቺ! የጋሽ ልኬለህን መጻሕፍት የጫነው መኪና አለፈ እኮ።»

«ጠዋት ነይ ብለውኝ!»

«ማታ ራሳቸው መጥተው ነበር። እንቅልፍሽ አሳዘነኝና ሳልቀሰቅስሽ ቀረሁ።»

«ምን አሉ?»

«እኔ እንጃ፣ መምረጥ ምን አስጨነቃት፣ መኪናው ሳይመጣ ሁሉንም ትውሰድ አሉሽ።»