የመንትዮቹ ልብ ልክ

ከሻጭ ጋር የሚከራከር ገዢ በየአገሩ ሞልቷል። ከሐኪም ቤት መሣሪያ ጋር የሚከራከር ግን የጋናዋ ከተማ ኩማሲ ብቻ ሳይገኝ አይቀርም። የዚህ ወገን አለቃ ክብርት እትዬ ፓኒን ናቸው፤ የስልሳ ስምንት ዓመት የጨርቅ ነጋዴ። በየዓመቱ ከመንትያ ወንድማቸው ከጋሽ ካክራ ጋር እየመጡ፣ የአልትራሳውንድ ባለሙያዋ ኮናዱ ዘንድ ልባቸውን ያስለካሉ።

መንትያ እኩል ይሰጠዋል፤ የአገሩ ወግ ነው። እትዬ ወጉን ምርመራ ክፍል ድረስ ይዘውት ገቡ። ወንድማቸው በግራ ጎናቸው አሥራ ሁለት ደቂቃ ከተኙ፣ እሳቸውም አሥራ ሁለት። ደረት ላይ የሚቀባው ቅባት ካነሰ ይጨመር። ኮናዱ አንዴ ቸኩላ በስምንት ደቂቃ ብትጨርስ፣ የቀረችውን አራት ደቂቃ ዐይናቸውን ጨፍነው ተኙባት። ውጭ ሰባት ሰው ተሰልፏል።

ከሁሉ እትዬን የሚያንገበግባቸው ግን ቁጥሩ ነበር። የግራው የታችኛው የልብ ክፍል ስፋት የወንድም አምስት ነጥብ አራት ሴንቲሜትር፣ የእህት አራት ነጥብ ሰባት።

«ከአንድ ሆድ ነው የወጣነው። ሰፊውን ቤት ለሱ ማን ሰጠው?»

የሴት ልብ በተፈጥሮው ጠበብ እንደሚል፣ ዕድሜ ሲገፋም ግድግዳው ይወፍር እንደሆነ እንጂ ጓዳው እንደማይሰፋ ኮናዱ ሦስት ዓመት አስረዳች። እትዬም ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ጨርቅ እንደሚለኩ ክንዳቸውን ዘርግተው፣ «እስቲ ድገሚው ልጄ፣ አጥብበሽ ይዘሽው ይሆናል» አሉ።

በአራተኛው ዓመት መሣሪያው ለሁለቱም አምስት ነጥብ አራት አለ። እትዬ አጨብጭበው ክንዳቸውን ዘረጉ።

«አላልኩሽም? ተስተካከልን።»

ኮናዱ ሦስት ጊዜ ደጋግማ ለካች፤ የዚያን ቀን ግን ድገሚ ያላት ሰው የለም።

«እትዬ፣ ይኼ ለጋሼ ልካቸው ነው። ለእርስዎ ግን ሰፍቷል። ልብዎ እየደከመ ነው።»

የተዘረጋው ክንድ ወረደ።

ሐኪሙ ኪኒን አዘዘ። እትዬ ወንድሜ ካልዋጠ አልውጥም ብለው ድርቅ አሉ። ጤነኛ ሰው መድኃኒት እንደማይውጥ ኮናዱ አስረድታ፣ ለምና፣ በመጨረሻም ተቆጥታ ሲደክማት፣ ጋሽ ካክራ ቀዝቀዝ ብለው፣ «እሷ ኪኒኗን ስትውጥ እኔ ከረሜላ እመጥጣለሁ። ለዚች ሴት ከዚህ የባሰም አድርጌያለሁ» አሉ።

ዘንድሮ መጡ። የቀጠሮውን መዝገብ ካየችበት ሰዓት ጀምሮ ኮናዱን ራሷን ሲያማት ነበር። ለካች። የወንድም አምስት ነጥብ አራት፣ የእህት አራት ነጥብ ዘጠኝ።

«አምስት ሚሊሜትር አጎደልሽብኝ» አሉ እትዬ።

«አጎደልኩብዎት።»

ከአሥራ ሁለቱ ደቂቃ ገና አራት ይቀር ነበር። ኮናዱ ቅባቱን ሳትጠየቅ ጨመረችላቸውና ወንበሯን ወደ አልጋው ሳበች። ውጭ ዘጠኝ ሰው ተሰልፏል።