ሃምሳ በመቶ ብርሃን

[የአንድ መሥሪያ ቤት መጋዘን። ጣሪያው ላይ ስምንት ረጃጅም ፍሎረሰንቶች በርተዋል፤ በስተግራ ትልቅ መስኮት አለ፤ ግድግዳው ላይ ትናንት የተገጠመች ነጭ የብርሃን መቀነሻ መዞሪያ። መዞሪያዋን የሚያዞረው የመሥሪያ ቤቱ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። የማያውቀው ነገር ስለሌለ ሊቁ ይሉታል፤ እሱም ቀልድ መሆኑ እስካሁን አልገባውም። ጠረጴዛው ጋ ተቀምጦ ያንጋጠጠው ባለመጋዘኑ ነው። ከመናገሩ በፊት ስለሚያስብ ደንቆሮ ሲባል ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ።]

ሊቁ፦ አሁንስ?

ባለመጋዘኑ፦ ያው ነው።

ሊቁ፦ እንዴት ያው ይሆናል? ሰባ በመቶ ላይ ነበር፣ አሁን ሃምሳ አድርጌዋለሁ።

ባለመጋዘኑ፦ አንተ አድርገኸው ይሆናል። መብራቱ ግን አልሰማም።

ሊቁ፦ ጋሼ፣ ዓይንህን ገልጠህ እይ እንጂ።

ባለመጋዘኑ፦ ከዚህ በላይ ከገለጥኩት ይወድቃል።

[ሊቁ በረጅሙ ተነፈሰ። ማስረዳት ሊጀምር ሲል ሁሌም እንዲህ ነው የሚያደርገው።]

ሊቁ፦ በቀላሉ ልንገርህ። የድሮው ክብ አምፖል ኤሌክትሪኩን ብትቀንስበት ዝም ብሎ ይደበዝዛል። ፍሎረሰንት ግን ኩሩ ነው። እንዲያው ብትቀንስበት ይርገበገብና ድርግም ይላል። ስለዚህ ኤሌክትሮኒክ ባላስት የሚባል ዕቃ ያስፈልገዋል። እዚያ ከአምፖሉ ጀርባ ይቀመጥና ኤሌክትሪኩን በሴኮንድ አርባ ሺህ ጊዜ እያመላለሰ ይመጥንለታል።

ባለመጋዘኑ፦ አርባ ሺህ? ማን ቆጠረው?

ሊቁ፦ ተቆጥሮ ያለቀ ነገር ነው። መዞሪያዋ ትእዛዝ ትሰጣለች፣ ባላስቱ ይፈጽማል፣ ብርሃኑ ይቀንሳል፣ የሚበላው ኃይልም አብሮ ይቀንሳል።

ባለመጋዘኑ፦ ባላስቱ ከሌለስ?

ሊቁ፦ ከሌለማ መዞሪያዋ የግድግዳ ጌጥ ናት። ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?

ባለመጋዘኑ፦ እኔም እኮ እሱን ልነግርህ ነበር። ያ ካርቶን...

ሊቁ፦ የካርቶን ወሬ ተወኝ። አለቃ እየመጣች ነው።

ባለመጋዘኑ፦ የቀን ሠራተኞቹ ትናንት መጥተው...

ሊቁ፦ የእነሱንም ተወኝ። እነሱ መሰላል ይወጣሉ፣ እኔ አስባለሁ። መዞሪያዋን ብቻ በገዛ እጄ ገጠምኳት።

[ባለመጋዘኑ ሁለት ጊዜ ጀምሮ ሁለት ጊዜ ተቆረጠ። ከዚህ በላይ መለማመጥ አልወደደም። በዚህ መሀል ውጭ ደመና ፀሐይዋን ሸፈናት፤ ክፍሉ ደብዘዝ አለ።]

ሊቁ፦ ይኸው። አሁን ምን ትላለህ?

ባለመጋዘኑ፦ ደመና ነው።

ሊቁ፦ ደመና እኔ ያዞርኩበትን ሰዓት ጠብቆ ነው የሚመጣው?

ባለመጋዘኑ፦ አንተ ከጠዋት ጀምረህ ስታዞር ነው የዋልከው። መቼም ቢመጣ ስታዞር ነው የሚያገኝህ።

[ሊቁ ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ።]

ሊቁ፦ ልደብቅህ አልፈልግም ጋሼ። ለአለቃ ጽፌያለሁ። «የመጋዘኑ ሠራተኛ ብርሃን መለየት ስለተሳናቸው ወደ ውጭ በር ጥበቃ ይዛወሩ።»

ባለመጋዘኑ፦ ማየት የተሳነው ሰው ለጥበቃ?

ሊቁ፦ በሩ ትልቅ ነው፣ አይጠፋህም።

[ነገሩ ባለመጋዘኑን አንገበገበው። እያንዳንዱን ብሎን ጨለማ ውስጥ ዳብሶ የሚያገኝ ሰው፣ በዚህ ዕድሜው ፀሐይና ዝናብ ሊፈራረቁበት ነው። ቢሆንም መነጽሩን አውልቆ መጥረግ ያዘ። በሩ ተከፍቶ ሥራ አስኪያጇ ገባች፤ ከተሾመች ገና ሁለተኛ ወሯ ነው።]

ሥራ አስኪያጇ፦ ቶሎ በሉ፣ ስብሰባ አለብኝ። የታለ ያልከኝ?

ሊቁ፦ ይኸው አለቃ። አሁን መቶ ላይ ነው። [ያዞራል] አሁን ደግሞ ሃምሳ ሆነ። የሠለጠነ ዓይን ያለው ሰው ወዲያው ያውቀዋል።

[ሥራ አስኪያጇ አንጋጠጠች። አንዱንም እንዳላየች ባለመጋዘኑ ከፊቷ አነበበ። ግን ዓይኑ አልሠለጠነም ተብሎ መታማት ማን ይፈልጋል?]

ሥራ አስኪያጇ፦ አዎ፣ አዎ። ለስለስ አለ። እንዲያውም ዓይኔን አሳረፈኝ።

ሊቁ፦ ሰማህ ጋሼ?

ሥራ አስኪያጇ፦ ጋሼ፣ እርስዎ እውነት አይታይዎትም?

ባለመጋዘኑ፦ አይታየኝም አለቃ።

ሥራ አስኪያጇ፦ ያሳዝናል። በል ወረቀቱን አምጣው፣ ልፈርም።

ባለመጋዘኑ፦ ይፈርሙ። ከመሄዴ በፊት ግን መጋዘኑን በወጉ ላስረክብ። አንድ ያልወጣ ዕቃ አለብኝ።

[ከጠረጴዛው ሥር ትልቅ ካርቶን ጎትቶ አወጣ። እሽጉ አልተነካም።]

ሥራ አስኪያጇ፦ ምንድን ነው?

ባለመጋዘኑ፦ [መነጽሩን አድርጎ ያነባል] «ኤሌክትሮኒክ ባላስት፣ ብዛት ስምንት።»

[ሊቁ ጣሪያውን አየ፣ ካርቶኑን አየ፣ መዞሪያዋን አየ።]

ሊቁ፦ ታዲያ እዚያ ላይ ያለው ምንድን ነው?

ባለመጋዘኑ፦ የድሮው። ትናንት የቀን ሠራተኞቹ ሊወስዱ ሲመጡ የወጪ ማዘዣው ላይ ያንተ ፊርማ የለም። ያለ ፊርማ ደግሞ ከዚህ ቤት ምስማር አይወጣም። ላስፈርምህ ሰው ብልክብህ «እኔ ለካርቶን አልፈርምም» ብለህ መለስክ። እነሱም የመብራቶቹን ክዳን መልሰው ገጥመው ሄዱ።

ሊቁ፦ ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?

ባለመጋዘኑ፦ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ነበር። አንተ እያሰብክ ነበር።

ሥራ አስኪያጇ፦ እና... መዞሪያዋ ምን እየሠራች ነው?

ባለመጋዘኑ፦ እሱን ሊቁ ራሱ ቅድም ነግሮኛል። የግድግዳ ጌጥ ናት።

[ደመናው ገለል አለ፤ ክፍሉ ቦግ አለ። የሊቁ እጅ ግን በዚያ ሰዓት ኪሱ ውስጥ ነበር።]

ሥራ አስኪያጇ፦ [ወረቀቱን እያጠፈች] በሉ፣ ይሄ ነገር ይቅር።

ባለመጋዘኑ፦ ለምን ይቀራል አለቃ? የበሩ ቦታ እንደሆነ ክፍት ነው። ወረቀቱም ብርሃን መለየት ለተሳነው ሰው የተጻፈ ነው። ስሙን ብቻ እናስተካክለው።

[ብዕሩን አነሳ። መጀመሪያ ሊቁን አየ፣ ቀጥሎ ሥራ አስኪያጇን አየ።]

ባለመጋዘኑ፦ አንድ ይበቃል ወይስ ሁለት ልጻፍ?