የኦቦ ሙሜ ኩላሊትና ከአጥር ማዶ ያሉት ሐኪም

ትምህርት ቤት ሳይረግጥ የተመረቀ ሐኪም የሌለው ሰፈር የለም። የአሰበ ተፈሪዋ እትዬ ዘርፈሽዋል ግን ከሁሉም ይልቃሉ። ክሊኒካቸው የብስኩት ቆርቆሮ ነው፤ ነጩ ክኒን ለራስ፣ ቀዩ ለወገብ፣ ባለ ሁለት ቀለሙ ስም ላልወጣለት በሽታ። "እኔን ካሻለኝ ሌላውን ለምን አያሽለው?" ይላሉ። የቀበሌው ሊቀመንበር እንኳ ከንግግር ብዛት ድምፁ ሲዘጋ ደጃቸውን ይጠናል።

ቋሚ ታካሚያቸው ከአጥር ማዶ ያሉት ሽማግሌ የጫት ነጋዴ፣ ኦቦ ሙሜ ናቸው። ወገቤን ባሉ ቁጥር ጓድ ዶክተር ዘርፈሽዋል ቀና ብለው እንኳ ሳያዩ "ኩላሊትዎን ብርድ መትቶታል" ይሉና ሁለት ቀይ ያዙላቸዋል። እንዲህ ሲባል ዓመታት አለፉ፤ ብርዱም አልወጣ፣ ክኒኑም አላለቀ።

አንድ ክረምት የኦቦ ሙሜ እግር አብጦ ጫማ አልገባ አለ። ሆስፒታል ሄዱ። ኩባዊው ሐኪም በአስተርጓሚ ሲያስረዳ ሽማግሌው አፋቸውን ከፍተው ሰሙ። ኩላሊት ውስጥ ለዓይን የማይታዩ እልፍ ወንፊቶች አሉ፤ ሰው ሲያረጅ፣ ገበያ ሲበተን ሱቆች አንድ በአንድ እንደሚዘጉ፣ እነሱም ዝም ብለው ይዘጋሉ፤ በሞተው ምትክ አዲስ አይወለድም። የቀሩት የሁሉንም ሥራ ተሸክመው ሲያቃስቱ ደግሞ የወገብ ክኒን ይወርድባቸዋል። ክኒኑና ጨው ካልቀሩ እነሱም ይከተላሉ።

ክኒኑን ማን ሰጠዎት ሲባሉ ኦቦ ሙሜ ከሱቅ ነው አሉ። ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ በራቸውን የሚያንኳኳ ሌላ ሰው አልነበረም። ክኒኑን እምቢ ካልኩ አዴ ዘርፈሽዋል በምን ሰበብ ትመጣለች? ብለው ሰጉ።

ሲያመነቱ ሰንብተው፣ የሰሙትን ሁሉ ነገሯቸው። እትዬ ዘርፈሽዋል ግንባራቸውን ቋጠሩ።

"ኩላሊት ያረጃል? እኔ ዕድሜዬን ለማንም ሳልናገር፣ የእኔው በምን አወቀ?"

ብለው ወጡ። ከዚያ ወዲያ ድምፃቸው ጠፋ። ክኒኑ ሲቀር የኦቦ ሙሜ እግር እብጠት እየጎደለ ሄደ፤ ቤታቸው ግን ጭር አለ።

አንድ ቀን፣ በምሳ ሰዓት፣ በሩ ተንኳኳ። እትዬ ዘርፈሽዋል ጨው ያልነካው ሽሮ ይዘው ገቡ። "ጨው የኩላሊት ጠላት ነው ብዬ ስንት ዘመን ለፈለፍኩ" አሉ፤ አንድም ቀን ብለው አያውቁም። ብቻዎን አይበሉም ብለው አብረው ጎረሱ። የእትዬ ፊት ተጨማደደ።

"ጨው አነሰው እንዴ?"

ኦቦ ሙሜ እንደምንም ዋጡ።

"ኧረ በዝቷል፣ አዴ። ነገ ትንሽ ቀንሺው።"