ቀንዳሙን ሰውዬ ላስታርቅ ብዬ

የዘመኑ ልጆች ክፉ ሰው የሚለዩት በቀንዱ ነው። ቀንድ ካለው ክፉ፣ ከሌለው ደግ... በቃ። እኔ ግን እዚህ ሚዛን ከተማ ሳረጅ ያየኋቸው ክፉዎች ሁሉ ኮት የለበሱ፣ ጫማቸውን ያስጠረጉ፣ "እንዴት ዋሉ እናቴ" የሚሉ ነበሩ። እንግዲህ እናንተው ፍረዱኝ፤ ለቀንዳሙ ሰውዬ ባዝን ምን ይገርማል?

የልጄ ልጅ ቤዛ ክረምቱን ሙሉ ስልኳ ላይ ከተማ ስትገነባ ከረመች። ጨዋታ ነው። በቴፒና በማሻ የሚኖሩት ጓደኞቿም በየስልካቸው የየራሳቸው ከተማ አላቸው፤ ተማምለው አንድ ጎራ ሆነዋል። በአንዷ ስንፍና ከተማ ከወደቀ ያቺ ልጅ ከጎራው ትባረራለች። የሁሉም ጠላት ኦርዱክ የሚባል፣ ቀንዱ እንደ ጎሽ የተቆለመመ፣ ወገቡን በአጥንት የታጠቀ ሰውዬ ነው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይኸው ሰውዬ ሠራዊቱን አስከትሎ በቤዛ ከተማ በር ላይ ቆመ።

እኔ ደግሞ ሰፈር ውስጥ ሰው ተጣላ ሲባል ነጠላዬን አንስቼ የምወጣ አስታራቂ ነኝ። ጠርቶኝ የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው... ቀርቼ ግን አላውቅም። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

"ምን ሆኛለሁ ነው የሚለው ይሄ ሰውዬ?"

"ምንም። ክፉ ነው፣ እምዬ።"

"ክፋት ተቀጥሮበት ነው?"

ወጥሬ ስይዛት ታሪኩ ወጣ። ለካ ኦርዱክ ድሮ ከሰዎቹ ንጉሥ ጎን ተሰልፎ ዘንዶ የወጋ ጀግና ነው። ዘንዶው ሲሞት ለሁሉም ሹመት ሲታደል፣ እሱን ከጫካው አስወጥተው ጫካውን መነጠሩት፤ ግንብም ሠሩበት። ይህን ስሰማ ደሜ ፈላ። ጫካው ተመንጥሮበት የማር ቀፎውን ተሸክሞ የወጣ ሰው አይቶ የማያውቅ እዚህ አገር ማን አለ?

ቤዛ አልተበገረችም። ተበድሎ ከሆነ ሌሎቹ ጠላቶቻችን ከሆኑት ከበረዶ ሰዎች ጋር ምን አወዳጀው፣ እነሱ እኮ ወንድሙን የገደሉ ናቸው፣ የሚፈልገው የንጉሡን ዙፋን ብቻ ነው ብላ ተሟገተችኝ። እኔም ሁላችሁም በር ዘግታችሁበት የት ይደር ኖሯል፣ የከፈቱለት ጋ ገባ አልኳት። ስለ ዙፋኑም ቢሆን፣ አንድ ጊዜ አስቀምጦ የጠየቀው ሰው አለ ወይ? የለም። መልእክተኛ መላክ ይቻላል አለችኝ፤ ላኪ አልኳት። ላከች። ኦርዱክም ለመነጋገር እሺ አለ።

አሁን ሥርዓቱ መጣ። በእኛ ዘንድ ለእርቅ የሚቀመጥ ሰው ገጀራና ዱላውን ከአጥር ውጭ ጥሎ ነው የሚገባው። የቤዛ ወታደሮች ግን ጦራቸውን እንደወደሩ በሩ ላይ ተገትረዋል።

"እነዚህን ወደ ቤታቸው ስደጂ። በሩንም ክፈቺ።"

"እሱስ መሣሪያውን መቼ ጣለ?"

"አንቺ ቀድመሽ ጣይ። ያፍራል።"

ቤዛ አየችኝ፣ ስልኩን አየች፣ ደግማ አየችኝ። ትልቅ ሰው ታከብራለች ልጄ። በሩን ከፈተችው።

ኦርዱክ አላፈረም።

ሽማግሌ አይል፣ መልእክተኛ አይል... ዓይኔ እያየ የልጅቱን ክረምት በሙሉ አነደደው። ወዲያው ጓደኞቿ ደወሉ። ቤዛ እያለቀሰች የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጋ ለቀቀችው፤ ልጆቹ የእኔን ነገር ይመረምሩ ጀመር። ቴፒ የምትኖረው፣ አያትሽ ከመጀመሪያውም የኦርዱክ ሰው ናቸው አለች። ሌላ ልጅ ደግሞ፣ አይደለም፣ በልጅነታቸው የደረሰባቸው በደል ቢኖር ነው ብላ አዘነችልኝ። ከበረዶ ሰዎች የተገባልኝ ተስፋ እንዳለም ተጠረጠረ። ለማንኛውም ቤዛ ትባረር ተባለ።

ማሻ የምትኖረው ልጅ ግን፣ ትባረክና፣ ከመፍረዳችን በፊት እማማም ይናገሩ አለች። ቤዛ ስልኩን ዘረጋችልኝ። ለኦርዱክ ያዘጋጀሁት ስንት ክርክር ነበረኝ፤ ለራሴ ስፈልግ አንድ ጠፋ።

"ልጆቼ፣ በሩን ያስከፈትኩ እኔ ነኝ። እሷ እምቢ ብላ ነበር" አልኩ።

ተንሾካሾኩ። ከዚያ የማሻዋ ልጅ ፍርዱን በትሕትና አሰማችኝ፦ "ቤዛ ትቆያለች። እርስዎ ግን፣ እማማ፣ እኛ ስንጫወት እቤት ውስጥ አይገኙም።"

ፍርዱ ፍትሐዊ ነው፤ ተበደልኩ ለማለትም አፍ የለኝም። ቤዛ እንባዋን ጠርጋ ከተማዋን እንደገና መሥራት ጀምራለች። እኔም እነሱ በሚጫወቱበት በየቅዳሜው ከሰዓት ከገዛ ቤቴ እወጣለሁ። በመጀመሪያው ቅዳሜ ዝናብ ያዘኝና ያገኘሁት መጠለያ የወይዘሮ አልማዝ በረንዳ ሆነ። ከወይዘሮ አልማዝ ጋር በአጥር ተጣልተን ከተኮራረፍን ቆይተናል።

"ምን እግር ጣለሽ?" አለችኝ።

"ግዛቴን ቀምተውኝ ነው።"

"እነማን?"

"ልጆች።"

ከላይ እስከ ታች አየችኝና በርጩማ ሳበችልኝ። ቤቴን እንዴት እንደምናስመልስ እየተመካከርን ነው።