ሁለት አለቃ ያለው ቀጥቃጭ ቤት

በጋራ መምራት የሚባለውን በዓይናችሁ አይታችሁት ታውቃላችሁ? እኔ አምቦ ላይ አይቻለሁ። ሟቹ ወንድሜ ቀጥቃጭ ነበር፤ በትንሿ መዶሻ የጋለውን ብረት ነካ አድርጎ የሚመታበትን ሲያሳይ፣ ሁለቱ ባልደረቦቹ በትልልቆቹ መዶሻዎች እዚያው ላይ ያሳርፉ ነበር። እሱ ሲሞት “እኩል እንመራለን” ተባባሉ። ትንሿን መዶሻ፣ የእሱን፣ ግን ማን ያንሳ?

“አንተ ቅደም።”

“ኧረ በሞቴ፣ አንተ!”

መግደርደር ለማዕድ ነበር፤ ለመዶሻም ደረሰ። ብረቱ ቀዘቀዘ። እንደገና ጋለ፤ እንደገና ተግደረደሩ። ማረሻ የሚጠብቁት ገበሬ፣ ኦቦ ገመቹ፣ ሰማዩን አይተው ጮኹ፦

“ያ ዋቃ፣ አምላኬ! ዝናቡም እንዲህ ይግደረደርልኛል?”

ሁለቱም ደንግጠው በየፊናቸው ቀጠቀጡ። ማረሻው ተጣሞ ወጣ። ኦቦ ገመቹ አገላብጠው አዩት።

“ማረሱን ያርሳል። ወንድምህ ቢያየው ግን እንዴት ይስቅ ነበር!” አሉኝ።

ከቀብሩ ወዲህ መጀመሪያ የሳቅነው ያኔ ነው።